የአሥረኛ ዲው ልጅ የላከልኝ ትኬት

ይህን ገጠመኜን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። የሚሰጠኝ አስተያየት ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ «እግዚአብሔር በአንተ ተጠቅሞ ልጁን ለክብር አበቃው» ይለኛል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። እኔም እስከ ዛሬ የትኛውን እንደምይዝ አላወቅሁም። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው ልጻፈው፤ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኮተቤ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ደግሞ ዩኒት ሊደር ነኝ። ያረፈደውን፣ የተደባደበውን፣ ከክፍል የፎረፈውን ተማሪ የሚቀጣ፣ ወላጅ የሚያስጠራ፣ ሲብስም የሚያሰናብት ሰው ማለት ነው። ተማሪዎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ ይለኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነኝ፤ ለወጣቶች ስለ ሥነ ምግባር ይናገር ሲባል የምጠራው እኔ ነኝ። ከሁሉም አብልጬ የምጠላው ፑል ቤት ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ሦስት ፑል ቤቶች ነበሩ። በእረፍት ሰዓት እየዞርኩ፣ ዩኒፎርም ለብሶ ያገኘሁትን ሁሉ በጆሮው ይዤ አወጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ቀን ዘበኛችን ቢሮዬ ድረስ ፖስታ ይዞልኝ መጣ። «አንድ ወጣት ለቲቸር ተስፋዬ ስጥልኝ ብሎኝ ሄደ» አለኝ። ስከፍተው ትኬት ነው። አያት አካባቢ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሚካሄድ የፑል ውድድር፤ ከጎረቤት አገሮች ጭምር ተጫዋቾች የሚመጡበት፤ ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ ፍጻሜ። ዘበኛው የተሳሳተ ሰው ጋ አምጥቶት ይሆናል ብዬ ስገለብጠው፣ በጀርባው በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦

«ቲቸር፣ እባክዎ እንዳይቀሩ። ብሩክ፣ የአሥረኛ ዲ።»

ብሩክን ወዲያው አስታወስኩት። ካሰናበትኳቸው ተማሪዎች የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ፤ የእሱን ግን መርሳት አልችልም፤ ምክንያቱም እናቱ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ፑል ቤት ውስጥ የኳስ መምቻውን ስቲክ በእጁ ይዞ አገኘሁት። ከዚያ በፊት በዚሁ ነገር የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ለጥፌ ስለነበር ሌላው እንዲማርበት ብዬ አሰናበትኩት። እናቱን እትዬ ዘነበችን ቢሮዬ አስጠራኋቸው። የሥራ ጋውናቸውን እንደለበሱ መጡና ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልክ ነዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ በየወላጅ ስብሰባው ይህን እንደ ምሳሌ አነሳው ነበር። «የገዛ እናቱ፣ እዚሁ ግቢ የሚሠሩ፣ አመሰገኑኝ» እያልኩ።

ማታ ትኬቱን ለባለቤቴ ለሰብለ አሳየኋት።

«ምን ፈልጎ ይመስልሻል?»

«ይቅርታ ሊጠይቅህ ይሆናል» አለች። ትኬቱን አገላብጣ አየችና ደግሞ «ወይም ሰው ፊት ሊያዋርድህ» አለች።

«አልሄድም።»

«ካልሄድክ ዕድሜህን ሙሉ 'ምን ነበር?' እያልክ ትኖራለህ። እኔ አውቅሃለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ቀብሬ፣ ሌባ መስዬ ነበር የገባሁት። ጠብቄ የነበረው ጭስ፣ ጩኸትና የቢራ ጠርሙስ ነው። ያገኘሁት ግን የፈተና ክፍል የመሰለ ጸጥታ ነው። አዳራሹ መሐል አንድ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ብቻ፣ ከላዩ ደማቅ መብራት፣ ዙሪያውን በደረጃ የተደረደሩ ወንበሮች። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ ኳሶቹን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ያነሳቸዋል። አጠገቤ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ የምትመስል ሴት፣ ስልኬ ሲጮኽ በዓይኗ ገረፈችኝና «ጋሼ፣ ሳይለንት ያድርጉት» አለችኝ። ሳስበው፣ ለሠላሳ ዓመት ሰውን ዝም ያሰኘሁት እኔ ፑል ቤት ገብቼ ዝም በል ተባልኩ።

ብሩክ ጥቁር ሰደርያ ለብሶ ወጣ። ረዝሟል፤ ጺም አውጥቷል። ተጋጣሚው ኡጋንዳዊ ነው። ብሩክ ወደ ተመልካቹ ቀና ብሎ ፈለገ፤ አየኝ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታም ቁጣም አልነበረም። ያ ይበልጥ አወዛገበኝ።

ጨዋታው ደግሞ ጭራሽ አልገባ አለኝ። እንደኔ ግምት ኳስ ያስገባ ያሸንፋል። ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። ኳሶቹ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አላቸው። ነጯ ኳስ ሁልጊዜ መጀመሪያ መንካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትንሹን ቁጥር ነው። ዘጠኝ ቁጥርን ያስገባ ጌሙን ይወስዳል፤ ዘጠኝ ጌም ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል።

«ያኛው ለምን ቁጭ አለ?» አልኳት፤ ኡጋንዳዊው ግድግዳ ሥር ባለች ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ነበርና።

«ተራው አይደለማ። ብሩክ እስካልሳተ ድረስ መነሳት አይችልም። ያሸነፈ ደግሞ ቀጣዩንም ጌም እሱ ነው የሚጀምረው።»

«ጨርሶ ባይስትስ?»

«ያኔ ቁጭ ብሎ ይሸነፋላ» አለችና ሳቀች።

አንድ ጊዜ ብሩክ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ጎንበስ አለ፤ ተነሳ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ በቀስታ መታና ምንም ሳያስገባ ነጯን ኳስ ከሁለት ኳሶች ጀርባ አቆማት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግራ ገባኝ።

«ምንም አላገባም እኮ!»

«ጋሼ፣ ደበቀበት! አሁን ያ ሰውዬ የሚመታውን ኳስ እያየው መንካት አይችልም።»

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። መጨረሻ ላይ ብሩክ ዘጠኝ ለስድስት አሸነፈ። የመድረኩ አስተዋዋቂ ማይክ ሰጠው። ሰብለ ያለችው ሰዓት ደረሰ ብዬ በሩ ከየት በኩል እንደሆነ ማየት ጀመርኩ።

«አሰልጣኜን፣ ጓደኞቼን አመሰግናለሁ» አለ ብሩክ። «ዛሬ እዚህ አንድ መምህሬ አሉ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ሕይወቴን የቀየሩት እሳቸው ናቸው። ቲቸር ተስፋዬ፣ እባክዎ ይነሱልኝ።»

ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበልኝ። ሴትዮዋ «ውይ ጋሼ! ምነው ሳይነግሩኝ!» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። እጄን አነሣሁ እንዴ፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁ እንዴ፣ አላስታውስም። ያባረርኩት ልጅ ለምን ያስጨበጭብልኛል? ቅጣቴ አስተምሮት ይሆን? ከሆነስ ተምሮ ፑል ተጫዋች የሚሆነው እንዴት ነው?

ሰው ሲበተን መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘኝ። ገና አልመሸም፤ ፀሐይዋ በአያት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ እየገባች ነበር። የስቲኩን ሻንጣ በትከሻው አንግቷል።

«ቲቸር፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ።»

«ብሩክ፣ ሕይወቴን ቀየሩት ስትል ምን ማለትህ ነው? አሾፍክብኝ?»

«አላሾፍኩም። ቀይረውታል እኮ።» ሻንጣውን አወረደ። «ያን ቀን ሲያገኙኝ በሕይወቴ ስቲክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ያውም ልጫወት አይደለም።»

«እንዴት?»

«ታላቅ ወንድሜ ሀብታሙ እዚያ ሰፈር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ የጋራዡ ባለቤት ሲፈልገው ሰማሁ፤ ፑል ቤት እንደሚሆን ስለማውቅ ልጠራው ገባሁ። 'ቆይ ጃኬቴን ልልበስ፣ ይችን ያዝልኝ' ብሎ ስቲኩን አስያዘኝ። ዞር ስል እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል።»

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት። ሦስቴም 'ዝም በል!' አሉኝ። ሀብታሙ በማግስቱ ሊያስረዳዎት መጥቶ ነበር፤ ፑለኛ ግቢ እንዳይገባ ብለው አዝዘው ስለነበር ዘበኛው ከበር መለሰው።»

ትእዛዙን መስጠቴን አስታወስኩ። ሌላውን ግን አላስታወስኩም። ልጁ ሲያስረዳኝም አይታየኝም። የሚታየኝ ስቲኩ ብቻ ነው።

«ታዲያ ፑል መጫወት የጀመርከው መቼ ነው?»

«ካባረሩኝ በኋላ ነዋ ቲቸር! ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ? በዓመቱ አጋማሽ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት አጣሁ። የፑል ቤቱ ሰውዬ 'በእኔ ቤት ምክንያት ነው የተባረርከው' ብሎ አዘነልኝና ኳስ እንድደረድር አስገባኝ።» ሻንጣውን መልሶ አነገተ። «አንዳንድ ቀን እጠላዎታለሁ። ስጫወት ደግሞ፣ በተለይ እጄ ሲሞቅ፣ ባያባርሩኝ ይሄን መች አውቀው ነበር እላለሁ። እፊቴ ተቀምጠው ቢያዩኝ ይለይልኛል ብዬ ነበር የጠራሁዎት። ማይኩንም የያዝኩት ሳልጨርስ ይለይልኛል ብዬ ነው።»

«ለየልህ?»

«አልለየልኝም።»

ይቅር በለኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እማዬ ያኔ እርስዎን ነው ያመነችው። 'ቲቸር አይዋሹም' ብላ በጥፊ መታችኝ። አንድም ቀን ስጫወት አይታኝ አታውቅም። ነገ ፍጻሜ ነው። ከዚያ በፊት፣ ልጅሽ አልዋሸም ብለው ይንገሩልኝ።»

ቤታቸው የት እንደሆነ ነገረኝና ሄደ።

ያን ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ግን ስነቃ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቦ ጠበቀኝ። ልጁ እውነቱን ነው? ወይስ ከእናቱ ለመታረቅ የፈጠረው ነው? እኔ ያላየሁትን «አላደረገም» ብዬ እንዴት እመሰክራለሁ? ግን ያላየሁትን «አድርጓል» ብዬ ፈርሜ አልነበር? ሰብለ ልብሷን እየለበሰች «ቤተ ክርስቲያን አንሄድም?» አለችኝ። «አንቺ ሂጂ» አልኳት።

እትዬ ዘነበች ጡረታ ከወጡ በኋላ ከኮተቤ ለቀው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ እህታቸው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ሁለት ታክሲ ቀያይሬ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ስደርስ ከቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸውን እያጠፉ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ሲያዩኝ ነጠላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ኧረ ደኅና ነው፤ ምንም አልሆነም። እርስዎን ላነጋግር ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ?» አሉና ቀረብ ብለው አዩኝ። «ዛሬ ደግሞ እርስዎ አሉኝ?»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ለስንት ዓመት፣ በዕድሜ የሚበልጡኝን ሴት፣ «ዘነበች ነይ፣ ዘነበች ይሄን ጥረጊ» ስል ኖሬያለሁ።

ዱካ አቀረቡልኝና ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ያኔ ብሩክን ያባረርኩት... ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ልጁ የገባው ወንድሙን ሊጠራ ነው ይላል። እኔ አልጠየቅሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርስዎ እኔን አምነው ልጅዎን...»

«እኔ መች አመንኩዎት?» አሉኝ።

ዱካዬን ወደ እሳቸው ሳብ አደረግሁ።

«ከፑል ቤቱ ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ ነበርኩ» አሉ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ረጋ አድርገው። «ለትምህርት ቤቱ ሳሙና ልገዛ ተልኬ። ብሩክ ደብተሩን ይዞ ሲገባ አየሁት። ልጠራው ስል እርስዎ ከኋላው ገቡ። ወዲያው በጆሮው ይዘውት ወጡ። አንዷን ኳስ እንኳ የሚመታበት ጊዜ አልነበረም። ደብተሩ እጁ ላይ ነበር፣ አላዩትም?»

«አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ቢሮዬ ሲመጡ ለምን...»

«ምን ልበል? ቲቸር ዋሽተዋል ልበል? የእርስዎ ቃልና የጽዳት ሠራተኛ ቃል እኩል ነው? ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ትከራከራለች ተብዬ ከሥራ ብወጣስ? 'ልክ ነዎት' አልኩና ወጣሁ። ቤት ስገባ ብሩክ 'እማዬ እውነቴን ነው' እያለ እግሬ ሥር ወደቀ። እኔ ደግሞ አውቃለሁ ካልኩት 'ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?' ይለኛል። መታሁት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት የእርስዎን ቢሮ ጠረግሁ። ጠዋት ጠዋት 'እንደምን አደሩ' እልዎት ነበር።»

ይሉኝ ነበር። እኔም ቀና ሳልል «እግዚአብሔር ይመስገን» እል ነበር።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አነሱና ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ይሄን ለብሩክ እንዳይነግሩት። እናቴ አላመነችኝም ብሎ ይዘን። እያወቀች ሸጠችኝ ከሚል ይሻላል።»

ልብ በሉ፤ ልጁ ንገርልኝ ብሎኛል፣ እናቱ አትንገርብኝ አሉኝ። ሁለቱም እኔ በሠራሁት ጥፋት ነው የሚለምኑኝ። ተነስቼ ዳገቱን መውረድ አሰኘኝ።

እሳቸው ግን «ዛሬ ይጫወታል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» አሉ።

«አዎ፤ ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ሰው ያየዋል?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው።»

ገቡና ቆዩ። ሲወጡ ጫማ ቀይረዋል። «እኔም ልየዋ» አሉ።

መኪና ጠርቼ አያት ድረስ ስንሄድ አንዲትም ቃል አልተነጋገርንም። አዳራሹ ከቅዳሜው ይበልጥ ሞልቷል። እትዬ ዘነበች አልቀመጥ ብለው መጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ በኋላ ለምኜ አስቀመጥኳቸው። የብሩክ ተጋጣሚ ሸምገል ያለ፣ መነጽር ያደረገ ኬንያዊ ነው። አይቸኩልም፤ አይስቅም፤ ጠመኔውን ስቲኩ ጫፍ ላይ ሲቀባ እንኳ እርሳስ የሚቀርጽ ጸሐፊ ይመስላል።

ብሩክ እናቱን ያያቸው ሦስተኛው ጌም ላይ ነው። ሊመታ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ አረፈባቸው። ተነሳና ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረ። ዳኛው አየው። ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ አለና መታ፤ አገባ። አጠገቤ እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማሁ።

ጨዋታው ሰባት ለሰባት ሲደርስ የአሥር ደቂቃ እረፍት ተባለ። የመጨረሻውን ጌም የወሰደው ኬንያዊው ስለነበር ቀጣዩን የሚጀምረው እሱ ነው። ብሩክ በቀጥታ ወደኛ መጣ።

«ነገሯት?» አለኝ፣ እናቱን እንኳ ሰላም ሳይል።

ነግሬያቸዋለሁ ብል እውነት ነው፤ ግን ውሸት ነው። «ነገርኳቸው» አልኩ።

«እማዬ፣ አመንሽ አሁን?»

አዎ ቢሉ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። በዓይኔ ለመንኳቸው። ቢያንስ እስኪጨርስ ይቆዩ ብዬ ነው። እሳቸው ግን፣ ፊት ለፊት ሲጠይቃቸው መዋሸት አቃታቸው መሰለኝ፣ የልጃቸውን ሰደርያ ቁልፍ እያስተካከሉ «ያኔም አውቅ ነበር» አሉት።

«ምኑን?»

«ሱቁ በር ላይ ነበርኩ። ስትገባ አይቼሃለሁ። ደብተርህን ይዘህ።»

ብሩክ አልገባውም። ወደ እኔ ዞረ፤ ወደ እሳቸው ተመለሰ። «አይተሽኝ ነው የመታሽኝ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ። ሥራዬን ፈርቼ።»

አስተዋዋቂው በማይክ ተጫዋቾቹን ጠራ። ብሩክ ሄደና ግድግዳው ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሁን ሲነሳ ስቲኩን መያዝ ያቅተዋል አልኩ። ወይ ደግሞ በእልህ ሁሉንም ይጠርጋቸዋል አልኩ። ሁለቱንም እየጠበቅሁ ነበር።

ሁለቱም አልሆነም። ኬንያዊው ኳሶቹን በተናቸው፤ አንድ ገባ፣ ሁለት ገባ፣ ሦስት... ነጯ ኳስ በሄደችበት ሁሉ የምትቀጥለውን እየጠበቀች ትቆምለታለች። ዘጠኝን አገባ። ስምንት ለሰባት።

«ብሩኬ ለምን አይነሳም?» አሉኝ እትዬ ዘነበች በሹክሹክታ።

«ተራው አይደለም። ሰውየው ካልሳተ መነሳት አይችልም።»

«ካልሳተስ?»

ኬንያዊው እንደገና ጀመረ። ብሩክ ስቲኩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ፣ ጠረጴዛውን ሳይሆን እናቱን እያየ ተቀምጧል። ንዴት ይሁን ሐዘን፣ ወይስ ሌላ ነገር፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ሰባት ገባ። ስምንት ገባ። ዘጠኝ ቁጥር ቀዳዳው አፍ ላይ ትንሽ የምታመነታ መሰለችና ገባች። አዳራሹ ተነሳ። ብሩክ ከእረፍቱ በኋላ አንድም ጊዜ ሳይመታ ተሸነፈ።

ወዳጆቼ፣ እስካሁን ከሚያስጨንቀኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። ያ ነገር ባይነገረው ያሸንፍ ነበር? ወይስ ያው ነበር? ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ተራው አልደረሰውማ።

ብሩክ የኬንያዊውን እጅ ጨበጠ፤ ሁለተኛ የወጣበትን ዋንጫ ተቀበለ፤ ማይኩን ሲሰጡት ራሱን ነቀነቀና መለሰ። ከዚያ መጥቶ እናቱ ፊት ቆመ።

«በእኔ የተነሳ ተሸነፍክ?» አሉት።

«አይ እማዬ። ሰውየው አልሳተም።» ዋንጫውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና «ተይ አሁን፣ ቤት ላድርስሽ» አላቸው። በልተሻል ብሎ ጠየቃቸው፤ አልበላሁም አሉት። ወጡ። እኔን ደኅና ይዋሉ ማለቱን የረሳው ይመስለኛል። ወይም አልረሳም።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ተማሪው የተሰናበተው ሳይጣራ እንደነበረና ጥፋቱ የኔ መሆኑን ጽፌ ለርእሰ መምህሩ ወሰድኩ። «ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ምን ይጠቅመዋል?» አለኝ። ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም አልኩትና ማኅተም አስደርጌ አንዱን ቅጂ ለብሩክ ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈውና መለሰልኝ። «ለእማዬ ይስጧት» አለኝ። እሳቸው ጋ ስወስደው «ለእሱ ይስጡት» አሉኝ። በመጨረሻ እኔው ጋ ቀረ።

እናትና ልጅ ለሦስት ወር ያህል በደንብ አልተነጋገሩም። እትዬ ዘነበች ስልክ ደውለው አለቀሱብኝ፤ ንገርልኝ ግን አላሉኝም። ከዚያ አንድ ቀን ብሩክ ራሱ ደወለልኝና እናቱ ልምምድ የሚያደርግበት ቦታ ሳይጠሩ እንደመጡ ነገረኝ። ጥግ ላይ ወንበር ስበው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው አዩት። «ምን አሉህ?» አልኩት። «'ዘጠኝ ቁጥሯን ለምን ቀድመህ አትመታትም?' አለችኝ» ብሎ ሳቀ። «ደንቡን ከአንድ ጀምሬ አስረዳኋት። ነገም እመጣለሁ አለችኝ።»

ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ለሚቀጥለው ውድድር ትኬት ልኮልኛል። በጀርባው ምንም አልጻፈበትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ መምህራንና በሰው ላይ ሥልጣን ያላችሁ፣ ከዚህ የምታወጡት ትምህርት ካለ ውሰዱት። እኔ በደሌ ጥሩ ተጫዋች አፈራ ብዬ ልጽናና አልችልም፤ እንደዚያ የሚሉኝ ሰዎች ያስቆጡኛል። የልጁን ሕይወት አበላሸሁ ብዬ እንዳልቅስ ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲራመድ አይቼዋለሁ። ከዩኒት ሊደርነት ልውረድ ብዬ አመልክቼ እስካሁን ምትክ አልተገኘም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የክፍል መስኮት ሰበረ ተብሎ ቢሮዬ አመጡት። እናቱ መጣች፤ ሠፈር ውስጥ ልብስ የምታጥብ ወጣት ሴት ናት። ገና ከመግባቷ «ልክ ነዎት ቲቸር፣ ይቅጡት» አለችኝ። እኔ እስካሁን ምንም አልተናገርኩም ነበር።

«አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» አልኳት።

በሩን ዞር ብላ አየች። «እውነቱን ልናገር?» አለች በጣም ቀስ ብላ።

ተነስቼ በሩን ዘጋሁት፤ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ዝም ብዬም ጠበቅኋት።